የማገገሚያው ስብሰባ ጸሎት ይበዛበታል፤ እምነቴን ሳልነካ መቀጠል እችላለሁ?

ዘሲልቨር ስፕሪንግ (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ፍርድ ቤት ከቅጣቱ በተጨማሪ በአልኮሊክስ አኖኒመስ (ስማቸውን ሳይገልጡ መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር ነው) ስብሰባዎች ላይ እየተገኘሁ ወረቀት እያስፈረምኩ እንዳቀርብ አዘዘኝ። በዚህ አልከራከርም። የጨነቀኝ ሌላ ነው።

ስብሰባው የሚካሄደው በአንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ማኅበሩ ለማገገም የሚከተላቸው አሥራ ሁለት እርምጃዎች ተለጥፈዋል፤ ግማሽ ያህሉ ስለ እግዚአብሔር የሚናገሩ ናቸው። ሲያልቅ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ «አባታችን ሆይ» ይላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የንስሐ አባት አለኝ። ስፖንሰር (ቀድሞ መጠጥ ያቆመና አዲሱን ሰው የሚመራ አባል) እንዲሆነኝ የመደቡልኝ ሽማግሌ ደግሞ አምስተኛው እርምጃ ላይ ስንደርስ በሕይወቴ የበደልኩትን ሁሉ ቁጭ ብዬ እንድነግረው ይጠብቃል። እናቴ ከጎንደር እየደወለች «የማን ሃይማኖት እንደሆነ ሳታውቅ እጅህን አትስጥ፤ ና ጸበል ግባ» ትለኛለች። ሙስሊም የሆነ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጊዜ መጥቶ ጸሎቱን ሲሰማ ቀረ።

ይህ ነገር ሃይማኖት ነው ወይስ ሕክምና? ፍርድ ቤትስ ጸሎት ወዳለበት ቦታ ሊያስገድደኝ ይችላል? ደግሞስ ይሠራል?

የምድር ቤቱ አዛውንት

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። እኔ በዋሽንግተን ዙሪያ በእነዚህ ምድር ቤቶች ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እናትህ የጠየቁት የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ታገሠኝ፤ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ማኅበሩን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ቢል ዊልሰን የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር። በ1934 መጨረሻ አንድ የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛው ሊጠይቀው መጥቶ የቀረበለትን አልጠጣም አለ። ጓደኛው ኦክስፎርድ ግሩፕ ወደሚባል የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ገብቶ ነበር። የመሠረተው ፍራንክ ቡክማን የተባለ አሜሪካዊ የሉተራን ቄስ ነው። አባላቱ በትንንሽ ቡድን ተሰብስበው ኃጢአታቸውን እርስ በርስ ይናገራሉ፣ የበደሉትን ይክሳሉ፣ ዝም ብለው ተቀምጠው የፈጣሪን ምሪት ይጠብቃሉ። ግድግዳው ላይ ካየኸው ብዙው የመጣው ከዚያ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዊልሰን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ክፍሉ በብርሃን ሲሞላ አየ፤ ከዚያ ወዲህ አልጠጣም። በዚያ ሆስፒታል ቤላዶና የሚባል አእምሮን የሚያናውጥ ዕፅ ይሰጥ ስለነበር ስለ ብርሃኑ የሚከራከሩ አይጠፉም። ይከራከሩ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ለአንተ የሚጠቅመው ግን ቀጣዩ ነው። በሜይ 1935 ዊልሰን ለሥራ አክረን ወደምትባለው የኦሃዮ ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። በሜይፍላወር ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ብቻውን ሲንጎራደድ ከመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ጫጫታ ይስበው ጀመር። ልብ በል፣ ይህ ብርሃን ያየው ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ነበርና ለአንድ ቄስ ደወለ። የለመናቸው እንዲጸልዩለት አልነበረም፤ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲያገኙለት ነበር። በሰው በሰው ቦብ ስሚዝ ከሚባል ቀዶ ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ሐኪሙ «ሩብ ሰዓት ብቻ» ብሎ ተቀምጦ ለብዙ ሰዓታት አወራ።

ዶክተር ቦብ ደግሞ ከዚያ በፊት ከሁለት ዓመት በላይ የዚያው የኦክስፎርድ ግሩፕ ታዳሚ ነበር። ይጸልያል፣ ያነባል፣ ይጠጣል። እንደ እርሱ የጠጣ ሰው ግን አጠገቡ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 የማኅበሩ ልደት ሆኖ ይከበራል። እኔ ከዚህ የምረዳው ሃይማኖት የስልክ ቁጥሩን እንደ ሰጠና የያዘቻቸው ግን የሁለቱ ጨዋታ እንደ ነበረች ነው። ሌላው ሰው በሌላ መንገድ ያነበዋል።

ስለ ምድር ቤቱ፦ ቡድኑ ኪራይ ይከፍላል። ቅርጫቱ የሚዞረው ለዚያ ነው፤ ከውጭ እርዳታ አለመቀበል ከማኅበሩ አሥራ ሁለት ልማዶች አንዱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ በስብሰባው ላይ ሥልጣን የለውም። «አባታችን ሆይ» ደግሞ የየቡድኑ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በሌላ ቡድን ሰዎች ራይንሆልድ ኒቡር የተባለውን አሜሪካዊ የሥነ መለኮት ሊቅ አጭር ጸሎት ብለው ይበተናሉ፤ ዝም ብለው የሚወጡም አሉ። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት።

አላምንም ባይ ከቶሮንቶ

አባታችን ታሪኩን አሳምረው ተርከውታል፤ አክብሮቴ ይድረሳቸው። ነገር ግን «ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም» የሚለው በወረቀት ላይ ነው። እዚህ ቶሮንቶ በ2011 ሁለት የማያምኑ ሰዎች ቡድኖች እርምጃዎቹን ያለ እግዚአብሔር ስም ስለጻፏቸው ከከተማው የስብሰባ ዝርዝር ተሰረዙ። ነገሩ እስከ ኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ሸንጎ ሄዶ በዝርዝሩ ውስጥ ተመልሰው የገቡት በ2017 ነው። ስድስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አዲስ ሰው ስብሰባ ሲፈልግ እነርሱን በዝርዝሩ ላይ ሊያገኛቸው አልቻለም።

በ1939 የታተመው የማኅበሩ መጽሐፍ ለማያምኑ የተጻፈ ምዕራፍ አለው። አንብቡት፤ ተጠራጣሪው በመጨረሻ ያምናል። በሩን ከፍተው «ግባ፣ እስክትለወጥ እንታገሥሃለን» ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ራሱ «አቅም የለኝም» ብሎ መጀመር ነው። ለአንዳንዱ ሰው ይህ እፎይታ ነው፤ ዕድሜ ልኩን «አንተ ምንም አይደለህም» ሲባል ላደገ ሰው ግን ሌላ ዱላ ነው።

ይህን ስል አትሂድ ማለቴ አይደለም። እኔ የማያምኑ ሰዎች ስብሰባ እሄዳለሁ፤ እንዲህ ያለው በቺካጎ የተጀመረው በ1975 ነው፤ ዛሬ በኢንተርኔትም ሞልቷል።

የምድር ቤቱ አዛውንት

የቶሮንቶው ነገር እውነት ነው፤ አሳፋሪም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ መጽሐፉ ሲጻፍ ጂም በርዌል የሚባል የማያምን አባል ነበር፤ አፉን አይዘጋም። እርምጃዎቹ ላይ «እግዚአብሔርን በተረዳነው መጠን» የሚል አነጋገር የገባው እርሱንና መሰሎቹን ለማስማማት ነው ይባላል። ስለዚህ ክርክራችሁ ከማኅበሩ ጋር እኩያ ነው፤ በአንተ አልተጀመረም።

ጠበቃ ነኝ፣ የአንተ ጠበቃ ግን አይደለሁም

ስለ ፍርድ ቤቱ ላልከው። በ1996 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አንድ የማያምን እስረኛ ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኝበትን ዕድል ለማግኘት በዚህ ዓይነት ፕሮግራም እንዲሳተፍ መገደዱ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብሏል። በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወረዳ (የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች አገሪቱን የተከፋፈሉበት ክልል ነው) ያለው የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ። በ2007 ደግሞ ዘጠነኛው ወረዳ የሃዋይ ነዋሪ በሆነ ቡድሂስት ጉዳይ ላይ እንዲሁ ወሰነ። ፍርድ ቤቶቹ ፕሮግራሙ መጥፎ ነው አላሉም። ሃይማኖታዊ ይዘት ስላለው መንግሥት ሌላ አማራጭ ሳይሰጥ ሰውን ወደዚያ መግፋት አይችልም ነው ያሉት።

ሜሪላንድ ያለችው በአራተኛው ወረዳ ነው፤ ስለዚህ እነዚህ ውሳኔዎች የአንተን ዳኛ በቀጥታ አያስገድዱም። ቢሆንም ብዙ ዳኞች አማራጭ ሲጠየቁ ይፈቅዳሉ። ዋናው ነገር ዝም ብለህ መቅረት የለብህም። አመክሮህን ለሚከታተለው ሰው በጽሑፍ «በእምነቴ ምክንያት ሌላ ፕሮግራም ይፈቀድልኝ» ብለህ አመልክት፤ አማራጭም ይዘህ ሂድ። ስማርት ሪከቨሪ ከ1994 ጀምሮ አለ፤ እግዚአብሔርን አያነሳም፤ የአስተሳሰብና የባሕርይ ለውጥ ዘዴዎችን ነው የሚያስተምረው። ለባልደረባህም ይህንኑ ንገረው፤ እርሱም በፍርድ ቤት ታዞ ሳለ ቀርቶ ከሆነ ችግር ላይ ነው።

ዲያቆን ነኝ

ወንድሜ፣ በሃይማኖት በኩል ያለውን እኔ ልሞክር። የአምስተኛው እርምጃ አነጋገር ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለሌላ አንድ ሰው መናገር ነው እንጂ ለስፖንሰር ብቻ የሚል አይደለም። ያ «ሌላ ሰው» የንስሐ አባትህ ሊሆኑ ይችላሉ። ካህኑ ቀኖና ይሰጡሃል፣ ይፈቱሃል። ስፖንሰሩ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ አደርጋለሁም አላለህም። ሁለቱ አይተካኩም፤ ስለዚህም አይጋጩም።

ነገር ግን ስለ እኛም እውነቱን ልናገር። የመጠጥ ሱስ ይዞት ወደ ካህን የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጸልይ፣ ስገድ፣ ተወው» ተብሎ ይሸኛል። ከዚያ በወር አንድ ቀን ጽዋ ማኅበሩ ሲደርስ ጠላው ተጠምቆ፣ አረቄው ተቀድቶ ይጠብቀዋል፤ «የማርያምን ጽዋ አልጠጣም አለ» ይባላል። በየወሩ የሚገናኝ፣ የአባሉን ቤት የሚያውቅ፣ ቢታመም የሚጠይቅ፣ ቢሞት የሚቀብር እንዲህ ያለ ማኅበር ያለን ሰዎች ሆነን የሚጠጣውን ሰው ግን ብቻውን እንተወዋለን። እኔ ባለሁበት አጥቢያ አንድ ማኅበር ጠላውን በብርዝ ለውጧል። ጠብ ተነሥቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ አሁንም አልተዋጠላቸውም።

የሐረሩ ኑር

ስለ ባልደረባህ ስትጽፍ ልቤ ተነካ። መጠጥ በእኛ ዘንድ በቁርኣን የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የሚጠጣ ሙስሊም እጥፍ ተደብቆ ነው የሚጠጣው። መስጊድ ሄዶ «ሱስ ይዞኛል» ቢል በመጀመሪያ የሚሰማው የኃጢአቱን ስም ነው። ለዚያ ነው የፈረንጅ ምድር ቤት የሚሻለው፤ ጸሎቱ ያስደነግጠዋል እንጂ ሰዎቹ አይፈርዱበትም። ጸሎቱ ሳይጀመር መውጣት ይችላል፤ የሚከለክለው የለም።

የእኔ ሱስ ጫት ነበር፤ ይህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሐረርም በወሎም ጫት ራሱ ሃይማኖት ለብሶ ነው የሚመጣው። ዱዓ ይደረግበታል፣ መንዙማ ይባልበታል፣ ሽማግሌዎች ይመርቁበታል። ዑለማዎቹም በአንድ ቃል አይናገሩበትም። እኔ ልተወው ስል በመጀመሪያ ያጣሁት ቅጠሉን አልነበረም፤ የምሰግድባቸውንና የምጫወትባቸውን ሰዎች ነበር። የሐራራው ጊዜ ያልፋል፣ ዱካኩም ያልፋል። ከሰዓት በኋላ የት እንደምሄድ አለማወቅ ግን ለረጅም ጊዜ አላለፈም። ሃይማኖት ለማገገም ይረዳል የሚሉ ሰዎች ሱሱም አንዳንድ ጊዜ ከዚያው ቤት እንደሚያድር አይዘንጉ።

ጸጋ ከሐዋሳ

እኛ ጋ ደግሞ ምስክርነት አለ። ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ትናንት እጠጣ ነበር፤ ጌታ በአንድ ሌሊት ነጻ አወጣኝ» ይላል፤ እልል ይባላል። ባለቤቴ መስክሯል። እኔም አልቅሻለሁ፣ ውሸት አልነበረም፤ ወራት ቆየ። ከዚያ ወደቀ። ያኔ ወደዚያ መድረክ እንዴት ይመለስ? ነጻ ወጥቷል ተብሏላ! ከመጠጡ በላይ ከጉባኤው የለየው ያ ምስክርነት ነው። አሁን ከአንድ ሽማግሌና ከሌሎች ሁለት ወንድሞች ጋር በሳምንት አንድ ቀን ቤታችን ይቀመጣሉ። ጸሎት አለ፤ ከጸሎቱ በፊት ግን «ይህ ሳምንት እንዴት ነበር?» አለ። ስለ ቢል ዊልሰን ያነበብኩት አሁን ነው። ብርሃን አይቶም ሆቴል ውስጥ መጨነቁን ለባለቤቴ አነበብኩለት።

ቁጥር ወዳጅ

«ይሠራል?» ለሚለው ማንም መልስ ስላልሰጠ ልግባ። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን፣ አንድ ላይ መርምሯል። ሰውን ወደ አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች በተደራጀ መንገድ የሚያስገቡ ሕክምናዎች ከዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ እንደ ሥነ ልቦና ምክር ካሉ ሌሎች ዘዴዎች ተሽለው ተገኝተዋል፤ ከመጠጥ የራቁት በእነዚህ 42 ከመቶ፣ በሌሎቹ 35 ከመቶ ገደማ ናቸው። ተአምር አይደለም፤ ግን በነጻ ለሚገኝ ነገር ትልቅ ነው። ከሌሎቹ ጋር እኩል የሆነባቸው መለኪያዎችም አሉ፤ ለምሳሌ የሚጠጡት መጠን መቀነሱ ላይ።

ለምን እንደሚሠራ የመረመሩ ሰዎች ከሁሉ በላይ ያገኙት የጓደኛ ለውጥን ነው፤ ከሚጠጡ ሰዎች መራቅና ከማይጠጡ ጋር መዋል። መንፈሳዊነቱም ድርሻ አለው፤ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ግን ሱሳቸው በጣም የከፋ ሰዎች ላይ ነው።

አላምንም ባይ ከቶሮንቶ

ይህን ሳልከራከር እወስደዋለሁ።

ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአባቴ አንድ ጥያቄ አለኝ። እርስዎ እንዳሉት ዋናው ከመሰል ጋር ማውራት ከሆነ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ያንን ያህል አይወጣልኝም። የልቤን የምናገረው በአማርኛ ነው። በአማርኛ ስብሰባ ቢኖር ግን ከአጠገቤ የሚቀመጠው የደብራችን ሰው ነው፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሲያየኝ ምን ይላል? ስምን መደበቅ የሚሉት ነገር በእኛ መካከል እንዴት ይሆናል?

የምድር ቤቱ አዛውንት

ይህን አርባ ዓመት ሲጠይቁኝ ኖረዋል፤ ሙሉ መልስ የለኝም። በእኛ ሰፈር ወሬ በእግሩ አይሄድም፣ ይበራል። እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው፦ ለመታወቅ ስፈራ እንግሊዝኛው ስብሰባ፤ ለመናገር ስፈልግ አንድ የማምነው አበሻ። ያ ሰው ደግሞ እዚያው ስብሰባ ውስጥ የተገናኘነው ነው፤ ሁለታችንም ስንተያይ ደነገጥን፣ ሁለታችንም ዝም አልን። እርሱ ስለ እኔ ካወራ እኔም ስለ እርሱ አወራለሁ፤ እኩል ተይዘናል። በማኅበሩ ልማድ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ከተሰበሰቡ ራሳቸውን ቡድን ብለው መጥራት ይችላሉ፤ ከሌላ ድርጅት ጋር አለመቆራኘት ብቻ ነው የሚጠየቁት። ስለዚህ ትልቅ ስብሰባ አትጠብቅ። አንድ ሰው ካገኘህ ቡና ቤት ተቀመጡ።

ታላቅ እህት

ይቅርታ፣ ርእሱን አላውቅም፤ ግን እዚህ አዋቂዎች ስላየሁ ነው። ወንድሜ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ጠዋት ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አረቄ ካልቀመሰ ብርጭቆ አይዝም። ቤተሰቡ ተስማምተን ቅዳሜ ጸበል ልናስገባው ነው። እዚያ መጠጥ የለም፣ ጾም አለ፣ ሰው አብሮት ይሆናል። እኛ ሌላ ምን እናድርግ?

ሲስተር

እህቴ፣ እባክሽ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢው። አዲስ አበባ በሱስ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጸበል አትውሰዱት አልልሽም። ቅዳሜ አትውሰዱት እልሻለሁ።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና አረቄ ሲቀምስ የሚቆም ከሆነ ሰውነቱ በአልኮል ላይ ተደግፏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዶች ይቃዣሉ፤ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ይጮኻሉ፣ ያተኩሳቸዋል፣ ልባቸው በኃይል ይመታል። ያልታከመ ሰው በዚህ ሊሞት ይችላል። ጸበል ቦታ ይህ ሲሆን ዙሪያው ያለው ሰው «መንፈሱ ጮኸ፣ ሊለቀው ነው» ብሎ ይደሰታል እንጂ ሐኪም አይጠራም። እኛ ጋ የሚደርሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚደርሱ ከሆነ። ባዶ ሆዱን ከሆነና በሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ ከፈሰሰበት ደግሞ ይብስበታል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለሐኪሙ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣና የመጨረሻውን መቼ እንደ ጠጣ አትደብቁ፤ ከዚህ በፊት ጥሎት የሚያውቅ ከሆነ እሱን በተለይ ተናገሩ። በሐኪም ቁጥጥር እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት እየተቀነሰ ይሰጠዋል፤ ታያሚን የሚባል ቫይታሚንም ይሰጠዋል። እርሱን አትዝለሉ፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ሲጎድለው አእምሮው ይጎዳል። ሆስፒታል እስክትደርሱ ድረስ ቤት ውስጥ አስራችሁ በግድ መጠጡን አታቋርጡበት። ብዙውን ጊዜ የከፋው በሳምንት ገደማ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ደህና ነው ካለ ጸበሉ ይሂድ። እኔ ራሴ ይዣቸው የሄድኩ ታካሚዎች አሉኝ። መድኃኒት ከታዘዘለት ግን እዚያም ይውሰድ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ የሚከለክል አጥማቂ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት። መድኃኒቱን የምትይዢው አንቺ ሁኚ፤ እርሱ ይጥለዋል።

ከጸበል ሲመለስ የት እንደሚያድር ደግሞ ከአሁኑ አስቡ። እናታችሁ አረቄ የምታወጣ ከሆነች ወይም ጎረቤት የሚሸጥ ካለ ሌላ ዘመድ ቤት ይቆይ። አሁን ከየትኛው ሆስፒታል እንደምትቀርቡ በግል መልእክት ጻፊልኝ፤ ማታ ተረኛ ነኝ፣ ስልኬ ክፍት ነው።